ጠበል ላይ የተከራከረችው እህቴ

እኔ ጠበል ሲባል ከንፈሩን የሚያጣምም ሰው አልወድም። መርሳ ላይ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ዳር፣ ማንጎና ብርቱካን ስሸጥ ዕድሜዬ ሄዷል። ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ ከመቀሌ የወረደውም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያናግረኛል። አንዳንዱ ማንጎውን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ «እዚህ አካባቢ ጠበል አለ አሉ፤ እውነት ያድናል እንዴ?» ብሎ ፈገግ ይላል።

«አንተን ምን አመመህ?» እለዋለሁ።

«ኧረ እኔስ ደህና ነኝ።»

«ደህና ከሆንክ ምን አስጨነቀህ? ማንጎህን ብላ።»

አብረውት ያሉት ይስቁበታል። ይሳቁበት፣ ደግ አደረጉ። እኔ ራሴን ሲያመኝ ክኒን እውጣለሁ፣ ወባ ሲይዘኝ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ጉልበቴን ሲይዘኝ ደግሞ ጠበል እወርዳለሁ። ሦስቱም ሆዴ ውስጥ ተጣልተው አያውቁም። የሚጣሉት ሰዎቹ ናቸው።

የእኛ ጠበል ከግራና በላይ ነው። ከመርሳ እስከ ግራና በመኪና፣ ከዚያ በማሽላው ማሳ መሀል ሽቅብ በእግር ነው። ለማያውቀው ሩቅ ነው፤ ለሚያውቀው ወሬ እያወሩ የሚደረስበት ነው። ሰው ጠበል ሲባል ከገደል የሚወረወር ፏፏቴ ይመስለዋል፤ የእኛ ጉድጓድ ነው። አፉ በጥቁር ድንጋይ ተገንብቷል፣ ከላዩ ትልቅ ሾላ አጥልቶበታል፣ ውሃው የሚቀዳው በገመድና አናቱ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ነው። ወንድና ሴት የሚጠመቁበት በቆርቆሮ ለየብቻ ተከልሏል። ውሃው በጋም ክረምትም አይጎድልም፣ ቅዝቃዜው ግን አጥንት ይገባል። እኛ ቆላ የለመድን ሰዎች መጀመሪያ ሲፈስብን የማንጠራው ታቦት የለም።

ጠበልም እንደ ሐኪም የየራሱ ሙያ አለው። የእኛው ለጉልበት፣ ለቆዳ ቁስልና መንፈስ ለያዘው ሰው ነው። ሆዱን የታመመ መጥቶ ሲጠመቅ አጥማቂው ቄስ አይከለክሉትም፣ ግን «የሆድ ወደ ጉባ ላፍቶ በኩል ይሻልህ ነበር» ብለው ይነግሩታል። እሳቸው እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ ያልሆነውን ሆነ አይሉም።

ጉድጓዱን ያገኘው አህያ ነው። ድሮ አንድ እስላም ነጋዴ ከአፋር በኩል ጨው ጭኖ ሲመጣ አንዱ አህያው ጀርባው ተገጥቦ፣ ዝንብ ወርሮት፣ መሸከም አቃተው። «በቃ ጅብ ይብላው» ብሎ እዚያ ጥሎት ሄደ። ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ አህያው ሾላው ሥር ተኝቶ ያገኘዋል፤ ጀርባው ጠጉር አብቅሏል፣ ሆዱ ሞልቷል፣ ጌታውን ሲያይ ደግሞ ተነስቶ ሮጠ ይባላል። ምን ያድርግ፣ ሊጭነው መሆኑን አውቆ ነዋ! ነጋዴው ዙሪያውን ቢያይ አህያው የሚንከባለልበት ጭቃ ነው፤ ጭቃውን ቢቆፍሩት ውሃ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አላለቀም። እስላሞቹ «አህያው የእኛ ነው» ይላሉ፣ ክርስቲያኖቹ «ውሃው የእኛ ነው» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ሲዳኙ «ያለ አህያው ውሃው አይገኝ፣ ያለ ውሃው አህያው አይድን፤ ተስማምታችሁ ጠጡ» አሉ ይባላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የእናቴ አባት ሐጂ ነበሩ፤ ስለዚህ አህያውም ውሃውም የእኔ ነው።

ቀልድ አይደለም፤ እዚያ ሁሉም ይመጣል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እስላም እናት አሉ፤ በሄድኩ ቁጥር አላጣቸውም። መጀመሪያ የመጡ ዕለት አንዱ ጎረምሳ ዲያቆን «እማማ፣ እርስዎ እንኳ አይጠመቁም» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ እኔን ጉልበቴን ነው እንጂ ሃይማኖቴን አላመመኝም» አሉት። ቄሱ ይህን ሲሰሙ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ጀምሮ እማማ ቁጭ ብለው ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብሰብ ያደርጋሉ፤ ቄሱ ይጸልያሉ፣ እሳቸው «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ውሃው ይፈስሳል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። እህል ሳይቀምሱ፣ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ከሁሉ የከበደው ግን ቂም ነው። ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ሁለቱም ከጉድጓዱ ቀድተው ቢሄዱ ውሃው ድርቅ አለ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እስኪያስታርቃቸው ጭቃ ብቻ ሆነ ይላሉ። ስለዚህ ቄሱ ከማጥመቃቸው በፊት «የተቀየማችሁት ሰው አለ? በልባችሁ የያዛችሁት ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አለኝ ያለ ሄዶ ታርቆ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ።

ታላቅ እህቴ ግራና ነው የምትኖረው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ሴት ልጅና ከእሷ በታች ያሉ ትንንሽ ወንዶች ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች፣ ውጤት አልመጣላትም። የእኛ አገር ሴት ልጅ ውጤት ካልመጣላት መንገዱ የታወቀ ነው፤ ዓረብ አገር። በእኛ ወረዳ በሐብሩ ውስጥ ቆርቆሮው አዲስ የሆነ ቤት ስታይ ጠይቅ፤ ዓረብ አገር ልጅ አላቸው። ልጃቸው በሳጥን የመጣችላቸው፣ ወይም አእምሮዋ ተነክቶ የተመለሰችላቸውም አሉ፤ የእነሱ ግን ከመንገድ ላይ አይታይም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው።

እህቴ ክፉ እናት አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ሰው እንዳይፈርድባት። የቤቷ ጣራ በዝናብ ያፈስሳል፤ ክረምት ሲመጣ ልጆቹን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስታዛውር ነው የምታድረው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ያልጎደለባት ነገር የለም። ደላላው መጣ፣ ፓስፖርቱ ወጣ፣ የጉዞው ቀን ቀረበ። እኔም «ተዪ» አላልኳት፤ ልጅ የእናቷ ናት ብዬ። ደግሞም እህቴ አንዴ ካመነች መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው።

ጉዞው ሲቃረብ ልጅቱ ወደቀች። ማለዳ ሻንጣ ልትገዛላት እናቷ ስትቀሰቅሳት ተነስታ ቆመች፣ ከዚያ እንደ ጆንያ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ እህል እምቢ፣ ንግግር እምቢ። ዓይኗን ትከፍታለች፣ ታይሃለች፣ አትመልስም። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ወባ የለባትም አሉ። ወልድያ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ደሟን አዩ፣ ጭንቅላቷን አዩ፣ ምንም የለም። ሐኪሙ ትሁት ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» ሲላት እናቷ ቀደም ብላ «ምን ያስጨንቃታል ዶክተር! ሁሉ ነገር ተሟልቶላት!» አለች። መድኃኒት ጻፈላት፣ ካልተሻላት መልሷት አለን።

ጎረቤት መቼ ዝም ይላል! አንዱ ዓይን ነው አለ፣ አንዱ ወንዝ ዳር ነው የመታት አለ፣ አንዷ ደግሞ «ያያትን ነገር ያየ ነው የያዛት» ብላ ራሷም ያልገባትን ተናገረች። እህቴ ስልክ ደውላልኝ ታለቅሳለች። «ቀኑ ሊያልፍብን ነው፣ ጠበል እናድርሳት!»

«ቀኑ ምን አባቱ፣ ልጅቱ ትዳን እንጂ!» አልኳት።

«እሱንማ፣ መጀመሪያ ትዳን። ከዳነች ትደርሳለች።»

ማንጎዬን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ።

ልጅቱን ከግራና በላይ ያለውን ዳገት ደግፈን አወጣናት። አጥማቂው ቄስ እንደ ልማዳቸው «የተቀየምሽው ሰው አለ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። እግሯን ታያለች። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ወጥቷል፤ እኔ «የለም አባ፣ ይህቺ ልጅ ከዝንብም አትጣላ» አልኳቸው። አየት አደረጉኝና አጠመቋት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። ውሃው ይፈስሳል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ድምፅ አይወጣትም። ለተጠማቂ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ነው የምናድረው። ቀትር ሲያልፍ በሶ በጥብጠን በግድ ጥቂት እናቀምሳታለን። ሌላው ተጠማቂ ሲጮህ፣ ሲንፈራገጥ፣ የያዘው መንፈስ ስሙን ሲናገር እንሰማለን፤ የእኛዋ ዝም። እህቴ ደግሞ ነጋ ጠባ ቄሱን ተከትላ «አባ፣ መቼ ትነሳለች? ቀን አለባት እኮ» ትላቸዋለች።

«ልጄ፣» አሏት አንድ ቀን ሲመርራቸው፣ «ይህ ጠበል ነው ወይስ መናኸሪያ? መነሻ ሰዓት የምትጠይቂኝ!»

አፈረች፤ ግን መጠየቁን አልተወችም።

የጮኸችው ደመና በሆነ አንድ ጠዋት ነው። እኔ ከቆርቆሮው ውስጥ ክንዷን ይዤ ቆሜያለሁ፣ እህቴ መግቢያው ላይ ናት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ተራቸውን እየጠበቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቄሱ መስቀሉን አናቷ ላይ አድርገው ሲያፈስሱባት፣ ከዚያች ከሲታ ልጅ የወጣው ድምፅ! እውነቴን ነው፣ ክንዷን ለቅቄ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

«ተቃጠልኩ! ተቃጠልኩ!»

ከውጭ ሰው ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ተንጋጋ። እማማ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ተነሱ፤ ጉልበታቸው ያን ዕለት እንኳ ጤነኛ ነበር። ቄሱ አልደነገጡም። የለመዱት ነው፤ ጀሪካኑን እንደያዙ በቀጭን ድምፃቸው መንፈሱን ጠየቁት።

«ማነህ አንተ? ተናገር!»

«አልናገርም!»

«ከየት ያዝካት?»

«ከቤቷ! ከቤቷ በራፍ ላይ!»

«ለምን ያዝካት?»

«ልትሄድ ነው! አትሄድም! ባሕር አላሻግራትም! አላሻግራትም!»

«በእግዚአብሔር ስም ልቀቃት!»

«ከቀረች እለቃታለሁ! ባሕሩን ትተው! ካልተወችው ከነነፍሷ እይዛታለሁ!»

ቄሱ ወደ እኛ ዞር አሉ። «ማንም እንዳይመልስለት። ከርኩስ መንፈስ ጋር ድርድር የለም። ዝም ብላችሁ ጸልዩ።»

እኛ ዝም አልን። እህቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ የኖረች ሴት ናት። አንድ ሰው ዋጋ ሲጠራ ዝም ማለት አታውቅበትም። ሰው «ይህን ካላገኘሁ አልሰጥም» ሲል እሷ የምትሰማው የክርክሩን መጀመሪያ ነው። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ፊት መጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ልክ ቲማቲም ይዞ ከመጣ ገበሬ ጋር እንደምታደርገው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንነጋገር» አለችው። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ብቻ ተዋት። ሠርታ ትመለስልኝ፣ ቤቱን ትሥራልኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥርህ! ከዚያ ያንተ ናት፣ ውሰዳት!»

ቄሱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከቆርቆሮው ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ እህቴን አየኋት። እጇ እንደተዘረጋ ነው፣ መልስ እየጠበቀች። ምን እንዳለች ገና አልገባትም።

እማማ ናቸው ቀድመው የተናገሩት። «አንቺ ሴትዮ» አሏት፣ በቁጣ እንኳ አይደለም፣ ቀስ ብለው። «ማንን ነው ለማን የሰጠሽው?»

ያኔ ልጅቱ ቀና አለች። ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ያ ድምፅ ጠፍቶ የራሷ ትንሽ ድምፅ ወጣ። ከወደቀች ወዲህ ሰምተነው የማናውቀው ድምፅ።

«እማ» አለች። «ሰጠሽኝ?»

እህቴ የተዘረጋውን እጇን መልሳ አፏ ላይ ጫነችው። ወድቃ የምትቀር መስሎኝ ልይዛት ስል ገፍትራኝ ከነጫማዋ፣ ከነነጠላዋ ጭቃው ውስጥ ገባች። አንዲት ሴት ከውጭ «ኧረ ጫማሽን!» ብላ ጮኸች። ቄሱ በእጃቸው «ተያት» አሏት። እህቴ ልጇን አንገቷን አንቃ ይዛ፣ የረጠበውን ጸጉር እየሳመች፣ ወደ ሰማዩም ወደ ጉድጓዱም ወደ ቆርቆሮውም ትጮህ ጀመር።

«አልሰጥም! አልሰጥም! ሰማህ አንተ? ለዓረቡም አልሰጥም፣ ለአንተም አልሰጥም! የኔ ናት! ጣራው ይውደቅ! ይውደቅብኝ፣ ሥሩ አብረን እንሞታለን! የኔ ናት!»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እኔ ለቅሶ ቤት እንኳ በግድ ነው ዓይኔ የሚረጥበው፤ ያን ዕለት ግን እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቅሁት። ቄሱ የቀረውን ውሃ በእናትና በልጅ ላይ አንድ ላይ አፈሰሱት። «ገና ከመጀመሪያው ይኼን ብትይኝ ኖሮ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ለእህቴ ይሁን ለልጅቱ ይሁን አላውቅም።

እኔ ግን ነገር ሳይቋጭ የምተው ሴት አይደለሁም። እህቴን አውቃታለሁ፤ ዛሬ ያለቀሰችውን ነገ ልትከራከርበት ትችላለች። ዓይኔን ጠረግሁና ከቆርቆሮው ወጥቼ የተሰበሰበውን ሰው «ሰምታችኋል አይደል?» አልኩት። «እህቴ ልጄን ለዓረቡም አልሰጥም ብላለች፣ በጠበሉ ላይ። እስላሙም ክርስቲያኑም ምስክር ነው።»

«ሰምተናል!» አሉ። እማማ ደግሞ ከኋላዬ «ወላሂ ሰምተናል!» ብለው ማኅተሙን አተሙበት።

ልጅቱ በዚያው ቀን በሶዋን ጨርሳ ጠጣች፣ ጨምሩልኝም አለች። ሱባኤዋን ፈጽመን ስንወርድ ግራና መግቢያ ላይ የእህቴ ስልክ ጮኸ፤ ደላላው ነው።

«እትዬ፣ ልጅቱ ደረሰች ወይ? መኪናው ሊነሳ ነው።»

«አትሄድም» አለችው እህቴ።

«እንዴት አትሄድም?»

«ጋኔን ይዟት ነበር። ባሕር ካየሁ እመለሳለሁ ብሏል። እዚያ ከደረሰች በኋላ ቢነሳባት አንተ ትጠየቃለህ?»

ከዚያ «ኧረ እትዬ፣ እንግዲያው ይቅርባት» ብሎ ዘጋው። እኔና ልጅቱ መንገድ ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። እህቴም ጥቂት ቆይታ ሳቀች። ለደላላው የሰጠችው ቀብድ ቀልጦ ቀረ፤ ስለ እሱ አንድም ቀን ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም። ጣራው አሁንም ያፈስሳል፤ ልጆቹንም አሁንም ታዛውራለች።

ልጅቱ አሁን ከእኔ ጋር መርሳ ናት። ከፍራፍሬው ጎን ጁስ መፍጫ አስገብተናል፣ እሷ ነች የምትሠራበት። ሰው ታሪኩን ሰምቷል፤ እየመጣ «በእውነት መንፈስ ነበር ወይስ ልጅቱ ራሷ ናት የተናገረችው?» ይለኛል። ቄሱ መንፈስ ነበር፣ ወጥቷል ይላሉ። አንዲት ነርስ ደንበኛዬ «ጭንቀት እንዲህ ያደርጋል፣ በሕክምናም ይታወቃል» ትለኛለች። እማማ የአህያው በረካ ነው ይላሉ። እኔ የአንዳቸውንም ቃል አልጥልም። የማውቀው ግን አለ፤ ያ ጉድጓድ ሰው የማይሰማውን ነገር ያስጮኻል። መድኃኒት ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? ማንም ከንፈሩን ቢያጣምም ያጣምም።

እኔ ራሴ ልጅቱን ለረጅም ጊዜ አልጠየቅኋትም። የዳነ ቁስል አይነካም ብዬ። በቀደም ከሰዓት በኋላ ግን ገበያው ቀዝቅዞ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ማንጎ ስንልጥ ነገሩ ከአፌ አመለጠ።

«እንደው ልጠይቅሽና፣» አልኳት፣ «ያን ዕለት ጠበሉ ላይ ያልሽውን ታስታውሽዋለሽ?»

«የቱን?»

«አልሄድም ያልሽውን። ያ ሁሉ ሰው ጉድ ያለበትን።»

ቢላዋዋን አላቆመችም። ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ይወርዳል።

«እሱንማ ቤትም ብዬው ነበር እኮ አክስቴ።»

«መቼ?»

«ፓስፖርቱ የመጣ ቀን። ሽንኩርት ስንለቅም። እማም አንቺም ነበራችሁ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ቂም የላትም፣ እንደ ቀላል ነገር ነው የምትናገረው። «ፈራሁ፣ አልሄድም አልኳችሁ። እናንተ ስለ ቲማቲም ዋጋ እያወራችሁ ነበር።»

አስታወስኩ ብዬ አልዋሽም። ቲማቲሙን አስታውሳለሁ፣ ሽንኩርቱን አስታውሳለሁ፣ ያን ቃል ግን ከየትም አላገኘሁትም። እሷ ልጣጩን ጣለችና ሌላ ማንጎ አነሳች። ከዚያ ደግሞ «እና አክስቴ፣ ሌላም አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር» አለችኝ።

አውቶቡስ መጥቶ ፊታችን ቆመ። አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮሃል። «እናት! ማንጎ ስንት ነው? ቶሎ በይ፣ ልንሄድ ነው!»

«ጠብቅ አንተ!» አልኩት። «ልጅ እያናገረችኝ ነው።»